ሽፈራው፣ አብሽና የስኳር በሽታ

(በሐዋሳ ከተማ ለአጥቢያ የጤናና የልማት ኮሚቴ አባላት ከተደረገ ንግግር። ለስኳር መለኪያው መግዣ የረዱን ወዳጆቻችንም እንዲያነቡት በጽሑፍ ቀርቧል።)



 ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከእናንተው የመጣ ነው። ባለፉት ወራት ቤት ለቤት ስንዞር ደጋግማችሁ የጠየቃችሁን ስለ ውሃ ቧንቧ ወይም ስለ ችግኝ አልነበረም። «ስኳር የሚያወርደው ቅጠል የትኛው ነው?» የሚል ነበር። አንዳንዶቻችሁ ሽፈራው ትላላችሁ፤ አንዳንዶቻችሁ አብሽ፣ ሌሎች ግራዋ ወይም ጥቁር አዝሙድ ትላላችሁ። በገበያ በላስቲክ ታስሮ የሚሸጥ ስም የለሽ ዱቄት ያሳዩንም አሉ።

መልስ ለመስጠት ከመነሣታችን በፊት ግን አንድ ጥፋታችንን መናገር ይገባናል። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሽፈራው ችግኝ በየግቢው ስናድል ከችግኙ ጋር አንዲት ወረቀት እንሰጥ ነበር። ወረቀቷ ሽፈራው ለሕፃናት ምግብነት፣ ለአጥንትና ለዓይን እንደሚጠቅም ትናገርና በመጨረሻው መስመር ላይ «ለስኳር በሽታም ይረዳል» ትል ነበር። ያን መስመር የጻፍነው በቅን ልብ ነው፤ ሳንመረምር ከሌላ ወረቀት ገለበጥነው። «ይረዳል» የሚለው ቃል ግን ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ «ያድናል» ሆነ።

ወረቀቷ ከገባችባቸው ቤቶች በአንዱ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር። በቀን ሁለት ጊዜ ኢንሱሊን ይወጋል። እናቱ ከአሞራ ገደል ዓሣ ተረክበው የሚቸረችሩ፣ ለልጃቸው መርፌ ብለው ራሳቸው የሚበሉትን የሚቀንሱ ሴት ናቸው። (ይህን እንድንናገር እርሳቸውም ልጁም ፈቅደውልናል፤ ስማቸውን ግን አንጠራም።) ሽፈራውን አድርቀው ወቀጡና ጠዋትና ማታ በሞቀ ውሃ ያጠጡት ጀመር። ልጁም መርፌው ሰልችቶት ነበርና ደስ አለው። በመጀመሪያ የማታውን መርፌ ተወ፤ በሳምንቱ የጠዋቱንም ተወ።

መርፌውን ሙሉ በሙሉ በተወ በማግሥቱ ውሃ ጠማው። ሌሊቱን ሙሉ ለሽንት ሲወጣና ሲገባ አደረ። በሦስተኛው ቀን ሆዱን ቆረጠውና ያስመልሰው ጀመር፤ ጎረቤት ወባ ነው አለ፣ ሌላው ታይፎይድ ነው አለ። በዚያው ሌሊት አተነፋፈሱ እንደ ሯጭ ረጅምና ጥልቅ ሆነ፤ ከአፉ እንደ በሰበሰ ፍሬ ያለ ሽታ ወጣ፤ ሲጠሩትም በቅጡ አይመልስም። በባጃጅ ሆስፒታል አደረሱት። በደም ሥር ፈሳሽና ኢንሱሊን ተሰጥቶት በእግዚአብሔር ቸርነትና በሐኪሞቹ ትጋት ተረፈ። ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ እናቱ፣ «ልጆቼ፣ ቅጠሉን እኮ የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ» አሉን። በቁጣ አልተናገሩም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር።

ስለዚህ ዛሬ የምንነግራችሁን ከነርሶችና ከሐኪሞች ጠይቀን፣ የተጻፈውንም በተቻለን መጠን አገላብጠን ነው።

የስኳር በሽታ ምን እንደ ሆነ በቅድሚያ እንግባባ። የምንበላው እንጀራም ሆነ ቆጮ፣ ዳቦም ሆነ ድንች፣ ሆድ ውስጥ ከተፈጨ በኋላ አብዛኛው ወደ ስኳርነት ተለውጦ በደም ይዞራል። ስኳሩ ከደም ወደ ጡንቻና ወደ ሌላው አካል ገብቶ ኃይል እንዲሆን ኢንሱሊን የሚባለው ንጥረ ነገር ያስፈልጋል። ይህን የሚያመነጨው ከጨጓራ ኋላ የተጋደመው ቆሽት ነው። በመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ቤት ሳለን ስለ ቆሽት ያስተማረን አልነበረም፤ «ቆሽቴ አረረ» ከሚለው አነጋገር በቀር አናውቀውም ነበር። ለካስ ነገሩ ብዙ ኖሮበታል።

በአንዳንድ ሰዎች፣ ይልቁንም በልጆችና በወጣቶች፣ ቆሽት ኢንሱሊን ማመንጨቱን ያቆማል። ይህ አንደኛው ዓይነት ይባላል። ያ ልጅ ከእነዚህ ወገን ነው። በሁለተኛው ዓይነት ግን ቆሽት ይሠራል፤ ነገር ግን አካል ኢንሱሊኑን እንደሚገባ አይቀበለውም፤ እያደርም ቆሽት ይደክማል። ይህኛው በአዋቂዎች ላይ የሚበዛ ሲሆን ከክብደት፣ ከመቀመጥና ከዘር ጋር ይያያዛል። በሽተኞች ከሚባሉት አብዛኞቹ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ደግሞም በልጅነታቸው በምግብ እጥረት በተጎዱ ከሲታ ወጣቶች ላይ የሚታይ ሌላ ዓይነት አለ፤ የጎንደር ሐኪሞች እንዲህ ያሉትን የገጠር በሽተኞች ለብዙ ዓመታት ሲከታተሉ ኖረዋል። ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽንም በ2025 እ.ኤ.አ. «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ እውቅና ሰጥቶታል። ስለዚህ ስኳር የሀብታም በሽታ ነው፣ ከሲታ ሰው አይዘውም የሚለውን ወሬ እንተው።

ይህን ልዩነት ያስቀደምነው ያለ ምክንያት አይደለም። «ለጎረቤቴ ሠራለት» የሚለው ምስክርነት የሚያሳስተን እዚህ ላይ ነው። ጎረቤታችሁ ሁለተኛው ዓይነት ኖሮባቸው፣ ቅጠሉን ሲጀምሩ ለስላሳውን ትተው፣ እራት ቀንሰው፣ ታቦር ተራራ ሥር ጠዋት ጠዋት መራመድ ጀምረው ከሆነ ስኳራቸው በእርግጥ ይወርዳል። ምስጋናውን ግን ቅጠሉ ብቻውን ይወስደዋል። ያንኑ ቅጠል ቆሽቱ ሥራውን ላቆመ ልጅ ብትሰጡት ግን የጎደለውን ኢንሱሊን አይተካለትም።

ኢንሱሊን በቶሮንቶ ከተማ የተገኘው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው፤ በጥር ወር 1922 አንድ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ተወጋው። ከዚያ በፊት በዓለም ላይ ቅጠልና ሥር አልጠፋም ነበር። ሕንድም፣ ቻይናም፣ አውሮፓም፣ እኛም የየራሳችን መድኃኒት አዋቂዎች ነበሩን። ሆኖም አንደኛው ዓይነት የያዛቸው ልጆች በወራት ወይም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይሞቱ ነበር። ለእነርሱ የሚበቃ ቅጠል ቢኖር ኖሮ ያን ሁሉ ዘመን ተደብቆ ባልቆየም ነበር።

አሁን ወደ ቅጠሎቹ እንምጣ።

ሽፈራው፣ በጋሞና በወላይታ ሃሌኮ የምንለው፣ የደቡብ አገራችን የራሱ ዛፍ ነው። በኮንሶ ከእርከኑ ጋር የሚታይ፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ ከማሽላ ኩርኩፋ ጋር የሚበላ ምግብ ነው። በድርቅ ጊዜ ሌላው ሲጠወልግ እርሱ ያቆጠቁጣል። በውጭ አገር ጽሑፎች ሞሪንጋ ተብሎ የሚወራለት አብዛኛውን ጊዜ የሕንዱ ዝርያ እንጂ የእኛው አይደለም፤ ሁለቱ ዘመዳማቾች ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። ስለ እኛው ሽፈራው በአዲስ አበባ ተመራማሪዎች በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ቅጠሉ የተዘፈዘፈበት ውሃ የጥንቸሎችን የደም ስኳር እንደ ቀነሰ ተገልጿል። ከዚያ ወዲህም በአይጦች ላይ ተሞክሯል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ጅምር ነው። ነገር ግን ጥንቸል ላይ የታየው ነገር ለሰው ስንት ማንኪያ፣ ለስንት ወር፣ ከየትኛው ክኒን ጋር የሚለውን አይነግረንም። እኛ በወረቀታችን የዘለልነው ይህን ነው። የሥሩና የቅርፊቱ ነገር ደግሞ ከቅጠሉ የተለየ ነው፤ ጉዳት ያመጣልና፣ ይልቁንም እርጉዝ ሴት፣ አትንኩት።

አብሽ ከሽፈራው ይልቅ በሰው ላይ ተፈትኗል። በሕንድ አገር በተደረጉ ጥናቶች የአብሽ ዱቄት ከምግብ ጋር ሲወሰድ የደም ስኳር በመጠኑ እንደሚቀንስ ታይቷል። ሲዘፈዘፍ የሚወጣው ያ ልጋጋም አሠር ስኳሩ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ያዘገየዋል። በመጠኑ ነው ያልነው፤ ጥናቶቹም ትናንሾች ናቸው። እኛ ቤት ደግሞ አብሹን በማር አጣፍጠን እንጠጣውና «ዛሬ መድኃኒቴን ወስጃለሁ» እንላለን። ማር ንጹሕ ይሁን ጥቁር፣ ከወንዶ ገነት ይምጣ ከሸካ፣ ለደም ስኳር ስኳር ነው።

ስለ ጥቁር አዝሙድና ስለ ቀረፋም ተመሳሳይ ትናንሽ ጥናቶች አሉ፤ ውጤታቸው አንዳንዱ ጥሩ፣ አንዳንዱ ከንቱ ነው። በወጥ ውስጥ መልካም ናቸው። ግራዋና እሬት የሚታዘዙት ግን ብዙ ጊዜ «መራራው ጣፋጩን ይገድለዋል» በሚል አስተሳሰብ ነው። ምላስ የቀመሰውን መራራ ደም አያውቀውም። ኮሶም መራራ ነው፤ ነገር ግን ከልክ ያለፈ ኮሶ የሰው ዓይን እንዳጠፋ ሐኪሞች መዝግበዋል።

እንዲህ ስንል የቅጠል ጠላቶች የሆንን እንዳይመስላችሁ። አብዛኞቻችሁ የምትውጡት ሜትፎርሚን የተባለው ነጭ ክኒን ራሱ የትውልድ ሐረጉ ከአንድ ተክል ይመዘዛል። በአውሮፓ ገበሬዎች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ለመድኃኒትነት ይውል ነበር፤ ጋሌጋ ይሉታል። በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ስኳር እንደሚቀንስ ታወቀ፤ ነገር ግን መርዝነት ነበረው፤ በጎች በልተውት ይሞታሉ። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ከዚያ ንጥረ ነገር ጋር የሚዛመድ ሌላ በቤተ ሙከራ ሠሩ። ይህም ሜትፎርሚን በ1922 እ.ኤ.አ. ተሠርቶ፣ ዣን ስተርን የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ለስኳር በሽተኞች ሰጥተው ውጤቱን በ1957 እ.ኤ.አ. እስኪያሳትሙ ድረስ ሠላሳ አምስት ዓመት ፈጀ። የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማም በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ እንዶድ የቢልሃርዚያን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት በወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡትን ሴቶች ልማድ አይተው ነው። ከዚያ በኋላ ግን ዓመታት የፈጀ መለካትና መመዘን ተከተለ። እናቶቻችን ያወቁት ነገር ከንቱ አይደለም፤ ገና አልተመዘነም ማለታችን ነው።

በገበያ ስለሚሸጠው ስም የለሽ ዱቄት ግን ቃላችን ጠንካራ ነው። አትግዙት። በውስጡ ምን እንዳለ ሻጩም ላያውቅ ይችላል። በሲንጋፖር በ2008 እ.ኤ.አ. ያለ ፈቃድ ይሸጡ ከነበሩ እንክብሎች፣ የዕፅዋት ናቸው የተባሉትም ጭምር፣ ግሊበንክላማይድ የተባለው የስኳር ክኒን ከልክ በላይ ተገኝቶባቸዋል። ስኳር በሽታ የሌለባቸው ሰዎች ሳይቀሩ ስኳራቸው ወርዶ ራሳቸውን ስተው ሆስፒታል ገቡ፤ የሞቱም አሉ። አንድ ዱቄት በጣም ፈጥኖ «ከሠራ» ይልቁን ያን ጊዜ ፍሩት።

ስኳር ሲያንስ ከመብዛት ይልቅ ፈጥኖ ይገድላልና ይህን ሁላችሁም ያዙልን። ግሊበንክላማይድ የሚወስዱ ወይም ኢንሱሊን የሚወጉ ሰው ቅጠል ሲጨምሩበት፣ በዚያም ላይ ምሳ ሲዘሉ፣ ስኳራቸው ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ ያጠምቃቸዋል፤ ይንቀጠቀጣሉ፤ ይርባቸዋል፤ ንግግራቸው ይዘበራረቃል፤ ሰካራም ይመስላሉ። ሰካራም ነው ብሎ ማለፍ በእኛ ሰፈር ደርሷል። ነቅተው መዋጥ ከቻሉ ወዲያው ስኳር የበዛበት ሻይ ወይም ለስላሳ ስጧቸው፤ ከዚያ ምግብ ይከተል። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም አታፍስሱ፤ ወደ ሕክምና ሩጡ። በተለይ ኩላሊታቸው የደከመ ሽማግሌዎች ላይ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ይቆያልና ሻይ ጠጥተው ቢነቁም እንኳ ለብቻቸው አትተዉአቸው።

በውጭ አገር ያሉ ዘመዶች ስለሚልኩት ነገርም ተጠይቀናል። ሆሚዮፓቲ የሚባሉ ትናንሽ ነጭ ፍሬዎች ናቸው። ሐሳቡ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ሃነማን ከሚባል ጀርመናዊ ሐኪም የመጣ ነው። አንድ ጠብታ መድኃኒት ከዘጠና ዘጠኝ ጠብታ ውሃ ጋር ይበጠበጣል፤ ከዚያ አንዱ ጠብታ ተወስዶ እንደገና ከዘጠና ዘጠኝ ጋር፤ እንዲሁ እስከ ሠላሳ ጊዜ። በመጨረሻ ከመድኃኒቱ ቅንጣት አይቀርም። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ጥናቶቹን መርምሮ በ2015 እ.ኤ.አ. ሆሚዮፓቲ ለየትኛውም በሽታ እንደሚሠራ የሚያሳምን ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። ፍሬዎቹ ራሳቸው አብዛኛውን ጊዜ ከስኳር ወይም ከወተት ስኳር የተሠሩ መሆናቸውን ስንሰማ ሳቅ አመለጠን። አይመርዙም። ነገር ግን በመርፌ ፋንታ ከተወሰዱ ጉዳታቸው ከመርዝ አያንስም።

ሰዎች መድኃኒቱን ለምን እንደሚተዉም እናውቃለን፤ ከሞኝነት አይደለም። ቅጠሉ በግቢ ውስጥ በነፃ አለ። ክኒኑ ግን ገንዘብ ይጠይቃል፤ ቀጠሮው የአንድ ቀን የሥራ ዋጋ ይበላል፤ ወረፋው ረጅም ነው፤ አንዳንዴም መድኃኒት ቤቱ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» ይላል። ሐኪሙም ሲቸኩል «ቅጠል ወሰድክ?» ብሎ ከመቆጣት በቀር ምክንያቱን አይጠይቅም። ለዚህ ነው ብዙዎች የሚደብቁት። እናንተ የኮሚቴ አባላት ለማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያልተመዘገቡትን አብራችሁ ሄዳችሁ ብታስመዘግቡ አሥር ንግግር ከማድረጋችን ይበልጣል።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህን የምንናገረው በራሳችን ቤት ስላለ ነው። አንዳንድ ወገኖች ከተጸለየላቸው በኋላ መርፌውን መቀጠል ያለማመን ምልክት ይመስላቸዋል። ንጉሡ ሕዝቅያስ በታመመ ጊዜ ጸለየ፤ ጸሎቱም ተሰማ፤ ነቢዩ ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። የተፈወሰ ሰው ስኳሩን ቢለካ ፈውሱ በመለኪያው ላይ ይታያል፤ መድኃኒቱንም ሐኪሙ ራሱ ይቀንስለታል። ሳይለኩ መተው ግን የአንደኛውን ዓይነት በሽተኛ በቀናት ውስጥ ወደዚያ ልጅ ሌሊት ይመልሰዋል።

እንግዲህ ምን እናድርግ ላላችሁ፤ ሽፈራውን አትንቀሉት። እንደ ጎመን ቀቅላችሁ ብሉት፤ ከቆጮው ቀንሳችሁ ከእርሱ ጨምሩ። ለሕፃናትም መልካም ነው። በማንኪያ እየለካችሁ እንደ መድኃኒት ለመውሰድ ካሰባችሁ ግን አስቀድማችሁ ለሐኪማችሁ ወይም ለነርሷ ንገሩ፤ ከመጀመራችሁ በፊትና ከጀመራችሁ በኋላም ስኳራችሁን ተለኩ። ሳትበሉ በጠዋት ስትለኩ 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው አለ ማለት ነው፤ ምልክት ከሌላችሁም በሌላ ቀን ተደግሞ ይረጋገጣል። ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው፤ በእግር በመሄድና ምግብ በማስተካከል ብዙ ሊሠራ የሚችለው በዚህ ጊዜ ነው። ለእግራችሁ ቁስል የተወቀጠ ቅጠል አትለጥፉ፤ ለደነዘዘ እግርም የጋለ ነገር አታስጠጉ፤ አይሰማችሁምና ያቃጥላችኋል።

ኢንሱሊን የምትወጉና ፍሪጅ የሌላችሁ፣ የሐዋሳ ፀሐይ መድኃኒቱን ያበላሸዋል። ትንሽ የሸክላ ገንቦ በትልቅ የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አስቀምጡ፤ መካከሉን በአሸዋ ሙሉና አሸዋውን በየቀኑ በውሃ አርጥቡ። ጠርሙሱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ በትንሹ ውስጥ አኑሩት፤ ከላይ እርጥብ ጨርቅ ይሁን፤ ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የሚያገኘው ቦታም ምረጡ። ያ ልጅ የሚያስቀምጠው እንዲህ ነው። ገንቦው የተቀመጠው እኛው በሰጠነው ሽፈራው ጥላ ሥር ሲሆን፣ ልጁ ባለፈው ዓመት ትምህርቱን ቀጥሏል።

የድሮዋ ወረቀት በቤታችሁ ካለች አምጡልን። ዛሬ ይዛችሁ የመጣችሁ ከበሩ አጠገብ ባለው ካርቶን ውስጥ ጣሏትና አዲሷን ውሰዱ፤ የመጨረሻው መስመር ተለውጧል። ቤታቸው የቀሩትን ጎረቤቶቻችሁንም ንገሩ፤ ያኔ የታደሉት ከሦስት መቶ በላይ ነበሩና ሁሉንም እስክንሰበስብ አናርፍም። ሲስተር መለኪያውን ይዘው ከኋላ ተቀምጠዋል። የምትወስዱትን ክኒን፣ ቅጠልና ዱቄት ሁሉ ሳትደብቁ አሳዩአቸው፤ አይቆጡም፣ ቃል አስገብተናቸዋል። ቁርስ ሳትበሉ የመጣችሁ በቅድሚያ ተሰለፉ። ሻዩ ከዚያ በኋላ ይቀዳል፤ ስኳሩ ለብቻው በሳህን ቀርቧል።